ባልዲ፣ ጡብና አስር ሳንቲም

መጀመሪያ የተማርኩት ቃል «ጡብ» ነው።

ኒውዮርክ፣ ግሪንዊች ቪሌጅ። ከምድር ውስጥ ባቡር ደረጃ ወጥቼ ስድስተኛው ጎዳና ላይ ብቅ ስል፣ በረጅም የሽቦ አጥር የተከበበ ትንሽ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ፊት ለፊቴ ተደቀነ። ሰዉ «ዘ ኬጅ» ይለዋል፤ አውሬ የሚዘጋበት ፍርግርግ እንደማለት። ከደንበኛው ሜዳ ስለሚያንስ አሥር ጎልማሶች ሲገቡበት ክርን ከክርን፣ ትከሻ ከትከሻ ነው። ጣቶቼን በሽቦው ቀዳዳ አስገብቼ ቆምኩ። አንድ ቀይ ቁምጣ የለበሰ ልጅ ከሩቅ ወረወረ። ኳሷ የቀለበቱን ጠርዝ «ጓ!» አድርጋ መታችና ወደ አጥሩ ተስፈንጥራ ተመለሰች። ከአጥሩ ውጪ የቆመው ሰው ሁሉ ባንድ አፍ «ብሪክ!» አለ።

አጠገቤ ነጭ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው ቆመዋል። ግራ መጋባቴን አዩና፣ «ጡብ ብረት ላይ ብትወረውር እንዴት ይጮኻል?» አሉኝ።

«እንደዚህ» አልኳቸው።

«በቃ፣ እሱ ነው።»

አሜሪካ የመጣሁት ለዘመድ ሠርግ ነበር፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ሠርጉም መልሱም አልፎ ሁለት ቀን ሲተርፈኝ በአውቶቡስ ወደ ኒውዮርክ ወጣሁ። ሙዚየም አልገባሁም። የነጻነት ሐውልትን ከሩቅ እንኳ አላየሁም። ሁለቱንም ቀን ያሳለፍኩት ሰዎች ስለ ቃል ሲከራከሩ ስሰማ ነው። አንዷም ደቂቃ አትቆጨኝም።

ባለፎጣው ሰው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ወጣቶቹ «አንክ» ይሏቸዋል፤ «አጎቴ» የሚለው ተቆርጦ ነው፣ እንደ እኛ «ጋሼ» ክብርም ፍቅርም አለበት። እኔም በልቤ ጋሼ አልኳቸው፣ እዚህም ጋሼ እላቸዋለሁ።

ጋሼ ቃላቱን እየቆነጠሩ አቀመሱኝ። ነጥብ «ባልዲ» ነው። የሚያስቆጥር ሰው «ባልዲ ያገኛል» ይባላል፤ እንደ ልቡ የሚያስቆጥር ከሆነ ደግሞ ሰውዬው ራሱ ባልዲ ይሆናል፤ «እሱ እኮ ባልዲ ነው» ይላሉ። ኳስ ከእጁ የተነጠቀ ሰው ኩኪሱ ተወስዶበታል። ለጓደኛ አመቻችቶ ማቀበል «ዳይም» ይባላል፤ አስር ሳንቲም። ለምን አስር ሳንቲም? ኒውዮርክ ውስጥ እስከ 1984 እ.ኤ.አ. ድረስ የመንገድ ስልክ የሚደወለው በአስር ሳንቲም ነበር። «ሰውዬው ስልኩ ጋ ቆሟል፤ ሳንቲም አጥሮታል። ትሰጠዋለህ። የሚያወራው እሱ ነው፤ ያገናኘኸው ግን አንተ» አሉኝ ጋሼ። ያ ስልክ ዛሬ ከመንገዱ ጠፍቷል። የስልክ ሳንቲም በእጁ ይዞ የማያውቅ የ15 ዓመት ልጅ ግን «ዳይም! ዳይም!» እያለ ይጮኻል። ማይክል ጆርዳን በ1995 ወደ ጨዋታ በተመለሰ በአምስተኛው ግጥሚያ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ 55 ነጥብ ያስቆጠረበት ምሽትም እስከ ዛሬ «ድርብ ኒክል» ይባላል፤ ኒክል አምስት ሳንቲም ነው፣ ሁለት አምስት ጎን ለጎን። ይህ ሕዝብ ኪሱ ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ለጨዋታው ሰጥቷል።

ባልዲ የሚለው ቃል ላይ ቆም ማለት አለብኝ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የያዘኝ እሱ ነው። በዲሴምበር 1891 ስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ጄምስ ናይስሚዝ የተባለ ካናዳዊ መምህር ተማሪዎቹ በክረምት ቤት ውስጥ የሚጫወቱት ጨዋታ ይፈልጋል። የሕንፃውን ጠባቂ ሁለት ሳጥን እንዲያመጣለት ይጠይቀዋል። ሰውዬው ሳጥን አጥቶ የኮክ መልቀሚያ ቅርጫቶች ይዞ ይመጣል። ከሰገነቱ ከንፈር ላይ ተቸነከሩ፤ ሰገነቱ ያለበት ከፍታ 10 ጫማ ስለነበር ዛሬም የዓለም ቀለበት ሁሉ 10 ጫማ፣ ማለትም 3.05 ሜትር ላይ ተሰቅሏል። በመጀመሪያው ጨዋታ በየወገኑ ዘጠኝ ሰው ተሰልፎ ውጤቱ 1 ለ 0 ሆነ። የቅርጫቱ ታች ድፍን ነበር፤ ኳሱ ሲገባ በመሰላል ወጥቶ የሚያወጣ ሰው ያስፈልግ ነበር። እንግዲህ ዛሬ «ባልዲ» የሚለው ልጅ የሚያየው ታቹ ክፍት የሆነ መረብ ነው። አፉ ግን ያንን ድፍን ቅርጫት ያስታውሳል። የናይስሚዝ ትምህርት ቤት የወወክማ ማሠልጠኛ ነበር። ወወክማ ሲባል የአዲስ አበባ የድሮ ስፖርተኛ ልቡ የት እንደሚሄድ አውቃለሁና፣ አጥሩን ይዤ ሳለሁ ስሙ ትዝ ብሎኝ ደስ አለኝ።

ሙግቱ የተነሳው ከቀትር በኋላ ነው። ያ ባለቀይ ቁምጣ ልጅ ጡቡን ረስቶ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከሩቅ አገባ። ፀጉሩን የተሠራ አንድ ወጣት አጥሩን በመዳፉ መታና፣ «አስቆጣሪ ማለት ይሄ ነው!» አለ። ጋሼ ፎጣቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ። «አይደለም። እሱ ተኳሽ ነው።»

እኛ ሁለቱንም «አስቆጣሪ» ብለን እናልፋለን። እዚያ ሁለቱን ማምታታት ዘር ማምታታት ያህል ነው። ተኳሹ ቦታውን ይዞ ይጠብቃል፤ ኳሷ ትመጣለታለች፣ ያነጣጥራል፣ ይለቃል። አስቆጣሪው ግን ጫካ የገባ አዳኝ ነው። ኳሷን ይዞ ሰው መሃል ይገባል፤ መንገድ ሲዘጉበት በሌላ ይወጣል፣ ሲገፉት በተገፋበት በኩል ይተኩሳል፣ ምንም ቢያጣ ተመትቶ የቅጣት ምት ያገኛል። ፀጉሩን የተሠራው ልጅና ጋሼ ይህንን ሊያስረዱኝ ሁለት ምሽቶችን አመጡ፤ ሁለቱም ምሽቶች ላይ አንድ ሰው 60 ነጥብ አስቆጥሯል።

የልጁ ምሽት ዲሴምበር 5 ቀን 2016 ነው። የጎልደን ስቴቱ ክሌይ ቶምፕሰን ኢንዲያና ላይ 60 አስቆጠረ። የተጫወተው 29 ደቂቃ ብቻ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ኳሷን መሬት ያነጠራት 11 ጊዜ፤ በእጁ የቆየችበት ጊዜ ቢደመር አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል። «አስራ አንድ!» አለ ልጁ፣ ጣቶቹ አልበቃ ስላሉት አንድ የጋሼን ጣት ተበድሮ። ስምንቱ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጪ የገቡ ናቸው። ኳሷ ትመጣለች፣ ትሄዳለች፤ እጁ ላይ አትሞቅም።

የጋሼ ምሽት የ1984 ገና ነው። የብሩክሊን ልጅ በርናርድ ኪንግ ለኒውዮርክ ኒክስ እየተጫወተ፣ እዚሁ ከተማ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን። በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ 40 ነጥብ፤ ሲያልቅ 60። የሦስት ነጥብ መስመር በሊጉ ከገባ አምስት ዓመት አልፎታል፣ ኪንግ ግን አንድም ከዚያ ውጪ አላስቆጠረም። 19 ጊዜ በጨዋታ አገባ፣ 22ቱን ነጥብ በቅጣት ምት ለቀመ። ጋሼ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሃያ ሁለት ማለት ምን እንደሆነ ይገባሃል፣ ልጄ? እየመቱት ነው። ገና እየተከበረ ሰውዬው እየተመታ ነው ያገባው።» ከዚያ ጀርባቸውን ለአጥሩ ሰጡ፤ በማይታይ ተከላካይ ላይ ተደገፉ፤ አንዱን እግር እንደ ምሰሶ ተክለው ዞሩና፣ መዳፋቸው ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ለቀቁት። ኪንግ ሌላው ሰው ጫፍ ላይ ደርሶ የሚለቃትን ኳስ እሱ እየወጣ ሳለ ነበር የሚለቃት፤ ተከላካዩ እጁን ሲያነሳ ኳሷ አልፋዋለች። እኚህ በስልሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ሰው ሲዞሩ ጉልበታቸው ተንቋቋ፣ እጃቸው ግን የ1984 እጅ ነበር። ኒክስ ያን ቀን ተሸነፈ፣ 120 ለ 114። ጋሼ ይህንን ነገሩኝና፣ ቃላቸውን አንድ ነጥብ አልቀነሱበትም።

60 እና 60። ወረቀት ላይ አንድ ናቸው። አጥሩ ስር ግን አንዱ ተኳሽ ሌላው አስቆጣሪ ነው፤ ሰዉም ለዚህ ልዩነት ድምፁ እስኪዘጋ ይሟገታል። እኔ በጋሼ በኩል ቆሜአለሁ። ጥይት አንድ ነው ቢባልም፣ ቆሞ የጠበቀና ሄዶ የተገናኘ አንድ ስም ሊጋሩ አይገባም።

ልጁ እጅ አልሰጠም። አዲስ ቃል መዘዘ፤ «ከረጢት»። «ዛሬ የሚታየው ከረጢት ነው፣ አንክ። ማን ጥልቅ ከረጢት አለው?» ከረጢት ማለት የብልሃት ስንቅ ነው። ከእግር እግር መሃል ማሳለፍ፣ ወደ ኋላ ተፈናጥሮ መተኮስ፣ አንዱን ጎን አሳይቶ በሌላው መሄድ። በዚህ በመጨረሻው ብልሃት አለን አይቨርሰን 1.83 ሜትር ቁመት ይዞ በማርች 1997 ፊላደልፊያ ውስጥ ራሱን ጆርዳንን ሁለት ጊዜ አወዛውዞ ያገባባት ኳስ ለወጣቱ ሁሉ እንደ ፊደል ናት። ይህ መሻገሪያ ዘዴ ሰውን ሚዛን ሲያስት «ቁርጭምጭሚት ሰበረ» ይባላል። ጋሼም አይቨርሰንን ይወዱታል። ግን እንዲህ አሉ፦ «ከረጢት የምትሸከመው ነው። ባልዲ የምትሞላው ነው። ከረጢቱ ሞልቶ ባልዲው ባዶ የሆነ ስንት ልጅ በዚህ አጥር ውስጥ አይቻለሁ።» ልጁ ሳቀ፣ አቀፋቸውም። ክርክሩ ግን አላለቀም፤ ባቡር ውስጥም ተከትሎን ገባ።

ባቡር የገባነው ጋሼ «ስም የሚወጣበትን ቦታ ሳታይ አትሄድም» ስላሉኝ ነው። ከዚያው ጣቢያ የዲ መስመር ሳይቀየር ሐርለም ያደርሳል፤ ከ59ኛው መንገድ እስከ 125ኛው አንድም ቦታ ሳይቆም ይበራል። 155ኛው መንገድ ላይ ወርደን ደረጃውን ስንወጣ ፀሐይ ዘንበል ብላለች፤ ራከር ፓርክ እዚያው ነው። ከፊት ለፊቱ ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች ቆመዋል፣ ድሮ ፖሎ ግራውንድስ የሚባለው የቤዝቦል ስታዲየም የነበረበት ቦታ ላይ። ሆልኮምብ ራከር የመናፈሻ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ በ1950 ሐርለም ውስጥ ለሰፈር ልጆች ውድድር ጀመረ፣ ትምህርትንም ከኳሱ ጋር አያይዞ። በ1965 ካንሰር ሲወስደው ገና 40 አልሞላውም። ስሙ ለሜዳው የተሰጠው በ1974 ነው። ዊልት ቻምበርሌን እዚህ ተጫውቷል፤ ካሪም አብዱል ጀባርም።

በዚያ ምሽት ጨዋታ ነበረ። ሰዉ ደረጃውን ሞልቶ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ማይክሮፎን የያዘ ሰው ሜዳው ውስጥ ይንጎራደዳል፤ ዳር ላይ አይቀመጥም፣ ከተጫዋቾቹ ጋር ይሮጣል፣ ኳስ የያዘውን ጆሮው ስር ሄዶ ያወድሰዋል፣ የሳተውን ይገስጸዋል። እዚህ ሜዳ ላይ ማንም በልደት ስሙ አይጠራም። ስም የሚወጣው ባገባኸው ነው፣ ያውም ባገባህበት ሁኔታ። «ዘ ዴስትሮየር» ጆ ሃሞንድ፣ አጥፊው። ጁሊየስ ኧርቪንግ በሰባዎቹ መጀመሪያ እዚህ ሲመጣ ባለማይክሮፎኑ የተለያየ ስም ሲያከታትልበት፣ ሄዶ «ስም ካወጣችሁልኝ ዶክተር በሉኝ» አለ ይባላል፤ ዓለም እስከ ዛሬ ዶክተር ጄ ይለዋል።

ይህንን ስሰማ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ አእምሮዬ ውስጥ ተከታትለው መጡ። የፈረስ ስም! ቴዎድሮስን በታጠቀበት፣ ባልቻን በነፍሱ የሚጠራ ሕዝብ ልጅ ነኝ። ባለማይክሮፎኑ አዝማሪም ፎካሪም ነው። ለጋሼ ይህን ስነግራቸው ደጋግመው አስባሉኝ። «አባ ማለት ባለቤት፣ አባት ነው አልክ? እንግዲህ ኪንግ አባ ምን ይባላል?» አሰብኩና፣ «አባ ገና» አልኳቸው። እጄን ጨበጡኝ።

ጋሼ ከሁሉም በላይ ያወሩልኝ ስለ ኧርል ማኒጎልት ነው፤ «ዘ ጎት»፣ ፍየሉ። 1.85 ሜትር ቁመት ነበረው፣ ሲዘል ግን ሰዉ ይናገርለት የነበረው ነገር ለማመን ያስቸግራል፤ ከሰሌዳው አናት ላይ ሳንቲም ያነሳል ይሉ ነበር። በታላቁ ሊግ አንድም ቀን አልተጫወተም። ሄሮይን ጣለው፣ እስር ቤት ገባ፣ በኋላ ተመልሶ የሰፈሩን ልጆች ኳስ አጫወተ፣ በ1998 አረፈ። የተመዘገበ ነጥብ የለውም፣ ያለው ስም ነው። አብዱል ጀባር ግን ከእሱ ጋር የተጫወቱትን ሲያስብ የማኒጎልትን ስም ነበር የሚያነሳው። ጋሼ ልጅ ሆነው እንዳዩት ነገሩኝ። እንዴት እንደዘለለ ሊያሳዩኝ ሞከሩና፣ እጃቸውን ብቻ ወደ ላይ ዘርግተው እዚያው አቆዩት።

ሬዲዮም እንዲሁ ስም ያወጣል። የካሪምን መንጠቆ ምት፣ ያንን ጎኑን ለተከላካዩ ሰጥቶ ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ ከአናቱ በላይ የሚለቀውን፣ «የሰማይ መንጠቆ» ያለው የሚልዋኪ ሬዲዮ አስተላላፊ ኤዲ ዱሴት ነው። ካሪም 38,387 ነጥብ አስቆጥሮ ክብረ ወሰኑ እስከ ፌብሩዋሪ 2023 ቆየ፤ ሌብሮን ጄምስ አለፈው። መንጠቆዋን ግን ማንም አልወረሳትም፣ ቃሏም ከባለቤቷ ጋር አብራ ቀረች። ቻምበርሌን ማርች 2 ቀን 1962 ሄርሺ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ 100 ነጥብ ሲያስቆጥር የቀረጸ የቴሌቪዥን ካሜራ አልነበረም። የቀረው የሬዲዮ ድምፅ ቁራጭና 100 ተብሎ የተጻፈበት ወረቀት በእጁ የያዘበት ፎቶ ነው። የ1980 ዓ.ም.ን የሴካፋ ዋንጫ በሬዲዮ የሰማ ኢትዮጵያዊ ይህ ይገባዋል፤ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የደምሴ ዳምጤን ድምፅ ነው።

አመሻሽ ላይ መብራቱ በራ። አንድ ግራኝ፣ ቀጭን ልጅ ወደ ቀለበቱ ተጠጋና፣ ሊዘጉት ሁለት ሰዎች ሲወጡ እጁን ከስር አሳልፎ ኳሷን በአራት ጣቶቹ ላይ አንከባለላት። አልወረወራትም፤ እንጀራ ከምጣድ ላይ በሰፌድ እንደሚወጣ፣ ሳይሰበር፣ ቀስ ተብላ ወጣችና ገባች። ጋሼ «ኧረ! ገርቪን!» ብለው ተነሱ። ጆርጅ ገርቪን፣ «አይስማን»፣ አራት ጊዜ የሊጉ ኮከብ አስቆጣሪ የሆነው በዚህች የጣት ማንከባለል ነበር። ፀጉሩን የተሠራው ልጅ ዝም አለ። ከረጢትም፣ ባልዲም አላለም። ባለማይክሮፎኑ ወደ ግራኙ ሮጦ ሄደና ማይክሮፎኑን አፉ ላይ አድርጎ ቆመ፤ ስም እየፈለገ ነው። ሰዉ ሁሉ ጠበቀው። ሲጠብቅ ሲጠብቅ ጨዋታው ቀጠለ፤ ስሙ አልመጣለትም።

«በእናንተ ቋንቋ ምን ይባላል?» አሉኝ ጋሼ። «እንዲህ ሆና ስትገባ?»

«ገባች እንላለን።»

«ማን ናት እሷ?»

ኳሷ ናት አልኳቸው። አማርኛ የወደደውን ትንሽ ነገር እሷ ይለዋል። ደግሞ ያለፈ ነገር ቢመስልም ገና አየር ላይ ሳለች ነው የምንለው። እናቴ ከጓዳ ስትጠራኝ ገና ከመቀመጫዬ ሳልነሳ «መጣሁ!» እላታለሁ፤ መጥቻለሁና አይደለም። ጋሼ ይህንን ቃል አፋቸው ውስጥ አገላበጡት። ገ-ባ-ች። «ች»ዋ እንደ ክብሪት ጫረች። ለልጁ ነገሩት፣ ልጁ ከጎኑ ላለችው ልጅ ነገራት፣ እሷ ከኋላዋ ላሉት ወንድማማቾች።

ሁለት ደቂቃ ሲቀር ግራኙ እንደገና ኳስ ደረሰው። አሁን ሩቅ ነበር፣ ተከላካዩም ክንዱን ፊቱ ላይ ዘርግቷል። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደና ለቀቃት። መብራቱ ላይ ከፍ ብላ ስትዞር አየኋት፤ ጋሼ ፎጣቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ የእኛ መደዳም ባንድ አፍ፣ እሷ ገና ላይ ሳለች፣ «ገባች!» አለ።